የቡና ጫካው ካዲላክ

ወደ ቴፒ የሄድኩት ሹፌር ሆኜ ተመድቤ ነው። አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የአንድ ባለጸጋ የቡና እርሻ ተወርሶ የመንግሥት ሲሆን ሹፌሮቹ አንድ በአንድ ጥለው ስለሄዱ ሰው ይፈለግ ነበር። ከጅማ በጭነት መኪና ስነሳ ክረምቱ ገና አልወጣም። ቦንጋን ካለፍን ወዲህ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆነ፤ እዚያው እያደርን፣ ትራክተር እየጎተተን ደረስን። የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ጥቂት ሰንብቼ የክት ጫማዬን ከሻንጣ ባወጣው አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ አገኘሁት። የቤቱ ባለቤት ከጉራጌ አገር የመጡ ነጋዴ ሴት ናቸው። ሳቁብኝና፣ እዚህ አገር ሰው ያልነካው ነገር ሁሉ ይሻግታል፣ ጫማም ሆነ ቀበቶ ካላደረግከው ጫካው ይወስደዋል አሉኝ።

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ግብርና የተማረ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። የት የት እንደሠራሁ ጠየቀኝ። አዲስ አበባ በአንድ አርመን ጋራዥ ብዙ ጊዜ እንደቆየሁ ስነግረው አንገቱን ነቀነቀና፣ ካዲላክ ነድተህ ታውቃለህ ወይ አለኝ። የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። በዚያ ጭቃ ላንድሮቨር እንኳ በሰንሰለት ነው የሚሄደው።

ካዲላክን አውቅ ነበር። የመሳፍንቱና የኤምባሲዎቹ መኪኖች እኛ ጋራዥ ይመጡ ነበር። አርመኑ ሌላ መኪና ሲገባ ይሳደባል፤ ካዲላክ ሲገባ ግን እጁን ይታጠባል። ስሙ አሜሪካ ውስጥ መኪና የሚሠራበትን ትልቅ ከተማ የቆረቆረው ፈረንሳዊ ስም ነው ይለን ነበር። ሌላው መኪና ከፊቱ በብረት እየተዘወረ፣ የሰው ክንድ እየሰበረ በሚነሳበት ዘመን፣ ቁልፍ በመጫን ብቻ ሞተር ማስነሳትን ያመጣው ካዲላክ ነው። የኋላ ክንፎቹ ከጦር አውሮፕላን ጭራ የተቀዱ ናቸው። በአሜሪካ አንድ ሰው ከድህነት መውጣቱን ጎረቤቱ የሚያምነው ደጁ ላይ ካዲላክ ሲያይ ነው፤ ቦክሰኛውም ሰባኪውም ወሮበላውም ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ነው። አርመኑ ይህን ሁሉ ሲያወራ ስለ ዘመዱ የሚያወራ ይመስል ነበር። በእኛም አገር ቢሆን በካዲላክ የመጣን ሰው ዘበኛ ማን ነህ ብሎ አይጠይቅም፤ በሩን ከፍቶ እጅ ይነሳል።

አብዮቱ ሲመጣ ያው ስም ሰው የሚያስበላ ሆነ። ያለው ሁሉ ሸራ አልብሶ ጓሮ ደበቀ። አንድ የድሮ ደንበኛችን መኪናውን ጋራዡ ደጃፍ አቁሞ፣ ቁልፉን እዚያው ትቶ በታክሲ ሄደ። መጥቶም አልጠየቀም።

ሥራ አስኪያጁ ከቡና ማስጫ አልጋዎቹ ጀርባ ወዳለ የቆርቆሮ መጋዘን ወሰደኝ። ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡና ከተከመረበት አጠገብ፣ ሸራው ሲገለጥ፣ ጥቁሩ መኪና ከነክንፎቹ ቆሟል። ጎማዎቹ ጠፍጣፋ ናቸው። በሩን ከፈትኩ። ውስጡ በሙሉ ሻግቷል፤ መሪው፣ ጣሪያው፣ የፊት ወንበሩ፣ ከኋላም በግራ በኩል ያለው ቆዳ ሁሉ ጸጉር እንዳበቀለ ነገር አረንጓዴና ነጭ ሆኗል። ከኋላ በስተቀኝ ግን አንድ ሰው የሚቀመጥበትን ያህል ቦታ ንጹሕ ነበር። መደገፊያው ላይ የትከሻ ስፋት ያህል፣ መቀመጫው ላይ የጭን ርዝመት ያህል ቆዳው ጥቁር ሆኖ ያበራል። በዚያ በኩል ያለው መስኮት እስከ ታች ወርዷል።

ሥራ አስኪያጁም አየው። ማን ነው የሚቀመጥበት ብሎ የመጋዘኑን ዘበኛ ጠየቃቸው። ዘበኛው የዚያው አገር ተወላጅ፣ የሸኮ ሰው፣ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው አጭር አጭር ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የሚሉት። ማንም አይገባም አሉ። መስኮቱንስ ማን አወረደው ሲላቸው ወደ ቡናው ክምር ዞሩ።

ዘበኛው ነገሩን የነገሩኝ እያደር ነው። ባለ እርሻውን ሊይዙ የመጡት ሰዎች ላንድሮቨራቸው ወንዝ ውስጥ ቀርቶባቸው ነበር። ስለዚህ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የወሰዷቸው በገዛ መኪናቸው ነው። የራሳቸው ሹፌር እየነዳ፣ አንዱ ጠመንጃ የያዘ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ እሳቸው እንደ ወትሮው በስተቀኝ ተቀመጡ። ለጥምቀት ሲሄዱ እንደሚያደርጉት መስኮቱን አውርደው፣ በመንገዱ ዳር ለቆመው ሠራተኛ ሁሉ በእጃቸው ሰላምታ እየሰጡ ሄዱ። ሠራተኛውም እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ሹፌሩ መጋዘን አስገብቶ መስኮቱን ሳይዘጋ ወጣ፤ በዚያው ወደ አገሩ ሄደ ይባላል። ባለ እርሻው ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሱ የሰማ የለም። በሕይወት አሉም፣ ሞተዋልም ያለ አልነበረም።

ታዲያ መኪናው አሁን ለምን አስፈለገ ብል፣ ከላይ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን የቡናውን ለቀማ ሊጎበኝ ይመጣል ተብሎ ነበር። በእርሻው ውስጥ በሩ በአግባቡ የሚዘጋ መኪና አልነበረም። የእርሻው ካድሬ ስብሰባ ጠራና፣ የፊውዳል መኪና መጠቀም አብዮታዊ ነው አይደለም የሚለው ረጅም ክርክር አስነሳ። በመጨረሻ ራሱ፣ ሕዝብ የወረሰው የሕዝብ ነው፣ ስለዚህ የሕዝብ ተወካይ ይቀመጥበት ብሎ ዘጋው። መኪናውን ማስነሳት የእኔ ሥራ ሆነ።

ሞተሩ ያን ያህል አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ወንበሩ ነው። ሻጋታውን በሆምጣጤ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቅባት ቀብቼ ሸራውን አለብሰዋለሁ። ዝናቡ ሳያባራ ሲሰነብት ስገልጠው ሻጋታው እንደገና ወጥቷል፤ በስተቀኝ ያለችው ቦታ ግን እንዳበራች ናት። መስኮቱን እዘጋለሁ፤ ጠዋት ስገባ ወርዷል። ባትሪውን አውጥቼ ሌላ ክፍል ቆለፍኩበት። ያ መኪና መስኮቱ ያለ ባትሪ አይንቀሳቀስም። ጠዋት ገብቼ ሳየው ወርዷል። ፈራሁ ለማለት አፍሬ ለሥራ አስኪያጁ የሽቦ ችግር አለ አልኩት። መጥቶ ቆሞ አየ፤ ከዚያ ባትሪውን አስመልሶ መስኮቱን ዘጋና የዚያን በር ሽቦ በገዛ እጁ ነቀለው።

በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ በር ላይ አንዲት ሴት ቆመው አገኘሁ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጸጉራቸው የሸበተ ናቸው። ዘበኛው አጠገባቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። የባለ እርሻው ባለቤት መሆናቸውን ያወቅሁት ከዚህ ነው። ቤታቸው ከተወረሰ ወዲህ ቴፒ ከተማ ውስጥ ሁለት ክፍል ተሰጥቷቸው ዳቦ እየጋገሩ ይሸጡ ነበር። ነጠላቸው ያልተዘቀዘቀ፣ ቀሚሳቸው ነጭ ነው። ሐዘን አልተቀመጡም። ጎረቤት ሊያስተዛዝን ሲመጣ፣ ማን ሞተ ብለው ይመልሱት እንደነበር ሰምቼአለሁ።

ዘበኛው በየሳምንቱ ያስገቧቸው እንደነበር ሲገባኝ ደስ አለኝ። ነገሩ ሁሉ ተፈታ ብዬ ነው። እሜቴ፣ እዚህ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት ለካ አልኳቸው። እሜቴ ማለት በዚያ ጊዜ የሚያስጠይቅ ቃል ነበር፤ ከአፌ አመለጠኝ።

ሴትዮዋ ወንበሩን አዩት።

«ገብቼ አላውቅም፤» አሉ። «መስኮቱ ጋ ቆሜ ነው የምመለሰው። ደግሞ ያ የሳቸው ቦታ ነው። ሳይመለሱ እንዴት እቀመጥበታለሁ?»

ይህን ካሉ በኋላ በወረደው መስኮት በኩል እጃቸውን አስገብተው ቆዳውን ዳሰሱት፤ ምድጃ እንደሚዳሰስ በጀርባ እጃቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። የተነቀለው ሽቦ ከበሩ ወደ ወለሉ ተንጠልጥሎ ነበር። መስኮቱ መውረዱን ልብ ያልኩት እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው። ሽቦውን ለአፍታ ቀጥዬ ዘጋሁትና መልሼ ነቀልኩት።

እንግዳው በመጣ ዕለት ጉሙ እስከ ረፋድ አልተነሳም። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ብቻዬን ነዳሁ። የካዲላክ ሞተር ድምፅ የለውም ይባል የነበረው እውነት ነው፤ በቡናው ጥላ ዛፎች መሐል ስሄድ የምሰማው ጎማው ጭቃውን ሲለቀው ብቻ ነበር። መንገድ ዳር የሚያልፉ ሰዎች አጠገባቸው እስክደርስ አያውቁኝም፤ ዘወር ሲሉ ደንግጠው ወደ ቦይ ይገባሉ።

አውሮፕላኑ ጉሙ ቀለል ሲል አረፈ። እንግዳው ካኪ የለበሰ፣ ሰውነቱ ሞላ ያለ፣ ፊቱ የደከመው የጦር መኮንን ነበር። ካድሬው ንግግር ሊያደርግ ሲጀምር በእጁ ከለከለውና ወደ መኪናው መጣ። መኪናውን ሲያይ ቆም አለ። የቀኙን በር ከፈትኩለት፤ ገባ፤ እኔም መሪዬን ያዝኩ። ሥራ አስኪያጁና ካድሬው በላንድሮቨር ከኋላ ተከተሉን።

ጥቂት እንደሄድን መኮንኑ፣ ከእኔ በፊት ማንን ጭነህ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ማንንም አልኩት። ወንበሩ ሞቋል አለ። መንገዱ አንሸራታች ስለነበር ዓይኔን ከፊት አልነቀልኩም። ከኋላዬ ቆዳው ሲንቋቋ ሰማሁ። በስፖኪዮው ሳይ መኮንኑ ከቀኙ ተነስቶ ወደ ግራው ተጠግቷል፤ ጉልበቶቹን ገጥሞ፣ በሩ ላይ ተለጥፎ፣ ለሌላ ሰው ቦታ እንደለቀቀ ሆኖ ተቀምጧል። በስተቀኝ ማንም የለም። መስኮቱ ወርዷል። ሲወርድ አልሰማሁም።

የእርሻው ወሰን ላይ ስንደርስ ሠራተኛው በሁለቱም ወገን ተሰልፏል። እንዲያጨበጭቡና መፈክር እንዲያሰሙ ከጠዋት ጀምሮ ሲለማመዱ ነበር። ጀመሩም። መኪናው አጠገባቸው ሲደርስ ግን በስተቀኝ በኩል ያሉት ዝም አሉ። ከዚያ ጎንበስ አሉ። አንዱ ሌላውን አይቶ አይደለም፤ መኪናው የደረሰበት ሰው ሁሉ ከወገቡ ይሰበራል፤ ካለፈው በኋላ ቀና ይላል። ባርኔጣ ያለው ያወልቃል። እስከ እርሻው ግቢ ድረስ እንዲህ ሄድን። በግራ በኩል ያሉት ግን እጃቸው እስኪቀላ ያጨበጭቡ ነበር።

ግቢው ውስጥ ሳቆም መኮንኑ እኔ በሩን እስክከፍትለት አልጠበቀም። በግራ በኩል ወረደና ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ ቆመ። ላንድሮቨሩ ገና አልደረሰም። በዝግታ፣ ይህ መኪና የማን ነበር አለኝ። የቀድሞው ባለ እርሻ እንደነበር ነገርኩት።

«አውቀው ነበር፤» አለ።

ጉብኝቱን አሳጥሮ፣ ምሳም ሳይበላ፣ በላንድሮቨር ወደ አውሮፕላኑ ተመለሰ።

ካድሬው እኔን አስጠራኝ። ሕዝቡን ጎንበስ በሉ ብሎ ያሳደመው ማነው፣ መስኮቱንስ ለምን አወረድክ እያለ እየደጋገመ ጠየቀኝ። ሹፌር ከወንበሩ ሆኖ የኋላውን መስኮት ማውረድ እንደሚችል አንድ ሰው ነግሮታል። ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ እንደነበሩ ብምልም አላመነኝም፤ ወደ ሚዛን ተፈሪ እስር ቤት ልልክህ ነው አለ። በዚያ ዘመን ወደዚያ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም ነበር። ያዳነኝ ሥራ አስኪያጁ ነው። ገባና፣ ሽቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ና እይ ብሎ ካድሬውን ወደ መኪናው ወሰደው። የተነቀለውን ሽቦ አሳየው። ካድሬው ሽቦውን አየ፤ የወረደውን መስኮት አየ፤ ከዚያ መጋዘኑን ለቆ ወጣ። ስለ እኔ ዳግመኛ አላነሳም።

ሠራተኞቹንም ጠይቀው ነበር። ብዙዎቹ አላየንም፣ አላወቅንም አሉ። አንዲት የቤንች ተወላጅ ቡና ለቃሚ ግን፣ ባለ እርሻው መሬታችንን የወሰደ ሰው ነው፣ ወደን የምንሰግድለት አይደለም፣ ወገባችን ራሱ ጎነበሰ ብላ ተናገረች። ከኋላ ስንት ሰው አየሽ ሲሏት ሁለት አለች።

ወሬው ቴፒ ሳይደርስ አልቀረም። ሴትዮዋ ቤቴ ድረስ መጡ። ሰው ያወራውን ትተው መኮንኑ ከአፉ ያወጣውን ብቻ እንድነግራቸው ለመኑኝ። ስለ ወንበሩ ሙቀት ነገርኳቸው። ስለ ጎነበሰው ሠራተኛም ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ወደ መጨረሻው ቃል ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ምን አለ? እስቲ ድገምልኝ።»

«አውቀው ነበር አለ።»

«አውቀዋለሁ አይደለም ያለው?»

«አይደለም እሜቴ። አውቀው ነበር ነው ያለው።»

ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው እንደገና ለበሱት። አከራዬ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር፤ እሳቸው ናቸው ቀድመው ያለቀሱት።

በነጋታው ዳቦ የሚጋገርበት ክፍል ውስጥ ለቅሶ ተቀመጡ። መንግሥት ለወሰደው ሰው ለቅሶ መቀመጥ የተከለከለ ስለነበር ድንኳን አልተተከለም፤ ሙሾም አልወረደም። ሰው ግን መጣ። ዳቦ ሊገዛ የመጣ እየመሰለ ይገባል፤ ጥቂት ተቀምጦ ዳቦውን ይዞ ይወጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ፤ የጅማ ነጋዴዎች መጥተው ዱዓ አደረጉ። ሥራ አስኪያጁ በጃንጥላ ተከልሎ መጣና፣ እግዜር ያጥናዎት ብሎ በር አጠገብ ተቀመጠ። ከእርሻው ደግሞ ዘበኛው መጡ። እሳቸው ዳቦ ሊገዙ የመጡ አልመሰሉም፤ ባርኔጣቸውን ይዘው በግልጽ ገብተው ሴትዮዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። «አንተ አልቅስ፤» አሏቸው፤ «አሁን ይሄዳል።»

ካዲላኩን ጅማ እንድንልክ ታዘዘ። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ የሚወስደው መኪና ጠፋና፣ በትራክተር ጎትተን ከእርሻው ወሰን ባሻገር ገረጋንቲ ይቆፈርበት የነበረ ጉድጓድ ውስጥ አስገባነው። መጋዘኑ ለቡና ሆነ። እኔም መጀመሪያ ወደተመደብኩበት የጭነት መኪና ሥራ ተመለስኩ፤ በቴፒና በሚዛን ተፈሪ መሐል ጀንፈል ስጭን ከረምኩ።

የዓመቱ ተዝካር ካለፈ በኋላ ሴትዮዋ ጅማ እኅታቸው ዘንድ ለመኖር ወሰኑ። ቡና ጭኜ ስሄድ ከፊት አስቀምጬ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ቦንጋ ላይ ሻይ ጠጥተን እንደገና ከተሳፈርን በኋላ ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። ባላቸው ባላባት አልነበሩም። በወጣትነታቸው የነጋዴ አጋሰስ ነጂ ነበሩ። ቡና ይዘው መጀመሪያ አዲስ አበባ የገቡ ዕለት ለከተማ ብለው አዲስ ነጭ ሱሪ ገዝተው ለብሰዋል። መንገድ ሲሻገሩ አንድ ጥቁር ካዲላክ አለፈና ከእግር እስከ ራሳቸው ጭቃ አለበሳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። እሳቸው ግን መኪናው ከዓይናቸው እስኪጠፋ ቆመው አዩት፤ ስሙንም አላፊ አግዳሚውን ጠይቀው ያዙት።

«እኔን ያጩኝ ያን ጊዜ ነው፤» አሉ። «አባቴ ምን አለህ ሲላቸው፣ ገና ካዲላክ እገዛለሁ አሉ። ካዲላክ የሚባል በቅሎ መስሎት አባቴ እሺ አለ።»

ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ መንገዱ እስኪያንገጫግጨን ድረስ ሳቁ።

ጅማ ስንደርስ እኅታቸው ደጅ ወጥታ ጠበቀቻቸው። ሻንጣቸውን አውርጄ ልሄድ ስል፣ ግባና እህል ቅመስ አሉኝ። ዝናብ ሳይዘኝ ልመለስ ብዬ እምቢ አልኩ። እጄን ይዘው አልለቀቁኝም። ገባሁና አብሬያቸው በላሁ።